ከሰማይ ያለፈ እሳት

የሰው ልጅ በምድር ላይ ሲኖር ዘወትር ዓይኑን የሚጥለው ከእግሩ በታች ባለው ነገር ላይ ነው። ይህም ያለ ምክንያት አይደለም፤ እንቅፋቱም፣ ጭቃውም፣ እንጀራውም የሚገኘው በምድር ነውና። ሰማይ ግን ማንንም ሳይጠራ፣ ከማንም ዋጋ ሳይጠይቅ፣ ሌሊቱን ሙሉ ተዘርግቶ ያድራል። አባቶቻችን በገጠር ሳሉ ከዚህ ከተዘረጋ መጽሐፍ ብዙ ነገር ያነብቡ ነበር። ነጋዴው የአጥቢያ ኮከብ ስትወጣ ተነሥቶ አህያውን ይጭናል፤ እረኛው የሌሊቱን እኩሌታ በከዋክብት መዞር ይለያል፤ ካህኑም የሰዓታቱን ጊዜ ሰማዩን አይቶ ያውቃል። እኛ የከተማ ሰዎች ግን ሰዓትን በእጃችን ካሰርን፣ መብራትንም በየደጃችን ከሰቀልን ወዲህ ወደ ላይ መመልከትን ትተናል ማለት ይቻላል። ሰማዩ አልተለወጠም፤ የተለወጠው አንገታችን ነው።

እንዲህም ሆኖ ሰማይ አንዳንድ ጊዜ ራሱን ያስታውሳል። ስለዚሁ ነገር ባየነውና በሰማነው መጠን ለአንባቢዎቻችን ጥቂት ለማውጋት እንወዳለን።

እኛ የምንኖረው በአዲስ አበባ ደቡብ ዳርቻ፣ በአቃቂ ቃሊቲ፣ ሳሪስ አቦ በሚባለው ሰፈር ነው። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ሕዝቡ በፍቅር «አቦ» እያለ ከሚጠራቸው ከጻድቁ ከአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ነው። ሰማዩ በጠራ ቀን ከፍ ካለ ቦታ ላይ የቆመ ሰው በደቡብ በኩል የዝቋላን ተራራ፣ የዚያኑ ጻድቅ ገዳም፣ ከሩቅ ደብዝዞ ያየዋል። በምሥራቅ የረር፣ በምዕራብ ፉሪ፣ በሰሜን እንጦጦ ይታያሉ። ሰፈራችን የመንገድ ሰፈር ነው። ወደ ደብረ ዘይት፣ ወደ አዳማ፣ ወደ አዋሽ፣ ከዚያም አልፎ ወደ ጅቡቲ የሚወርደው ጭነት ሁሉ በዚህ በኩል ያልፋል፤ ከ2008 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የከተማው ቀላል ባቡር እስከ ቃሊቲ ድረስ ይመላለሳል። ከዚህም የተነሣ በሰፈራችን ከሦስት ቤት በአንዱ ሾፌር ወይም ረዳት ወይም የሾፌር እናት ይገኛል ብንል ብዙ አላጋነንንም።

ጊዜው ኅዳር በታጠነ በሳምንቱ፣ በ2017 ዓ.ም. ነበር። ያን ሰሞን የሰው ልብ አልተረጋጋም። ከመስከረም ወር ጀምሮ በአዋሽ ፈንታሌ በኩል ምድር ይንቀጠቀጥ ነበርና፣ ንዝረቱም አልፎ አልፎ እስከ አዲስ አበባ ይደርስ ነበር። በፎቅ ቤት የሚኖሩ ሰዎች በሌሊት ብርድ ልብስ ተከናንበው ወደ ሜዳ ሲወርዱ፣ በመሬት ቤት የምንኖረውም ብንሆን በግድግዳ ላይ የተሰቀለው ሥዕል ሲወዛወዝ ዐይተን እርስ በርሳችን ተያይተናል። ከታች ምድር ሲናወጥ የሰነበተ ሰው፣ ከላይ የሚመጣውን ነገር ሁሉ እንዴት አድርጎ እንደሚቀበለው አንባቢ ራሱ ሊገምት ይችላል።

በዚያች ምሽት የሰፈሩ መብራት ጠፍቶ ነበር። ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ገደማ እኛና የቤታችን ሰዎች፣ ጎረቤቶቻችንም ጭምር፣ ጋቢያችንን ለብሰን በደጅ ቆመናል። ጨረቃ አልነበረችም። በምዕራብ ቬኑስ ከፉሪ በስተጀርባ ልትጠልቅ ጥቂት ቀርቷታል፤ በምሥራቅ ደግሞ ጁፒተር ደምቆ ወጥቷል። ሰባቱ ኮከቦች እንደ ጥራጥሬ ተጠጋግተው ከጁፒተር በላይ ይታያሉ።

በድንገት ከጁፒተር ከፍ ብሎ አንድ ብርሃን ተወለደ። በመጀመሪያ እንደ ተራ ተወርዋሪ ኮከብ መሰለን፤ ነገር ግን አልጠፋም፤ እየሰፋና እየደመቀ ሄደ። መልኩ በመጀመሪያ ወደ አረንጓዴ ያደላ ነበር፤ ኋላ እንደ ጋለ ብረት ወርቅማ ሆነ። ወደ ግራ፣ ወደ ሰሜን በኩል እያዘነበለ ሲወርድ የሁላችንም ጥላ በግቢው መሬት ላይ ዞረ። የአጥሩ ቆርቆሮ፣ የውሃው በርሜል፣ የሕፃኑ ፊት፣ ሁሉም እንደ ቀን ታየ። ከዚያም ጫፉ ላይ ሁለት ወይም ሦስት ፍንጣሪ ረግፎ ብርሃኑ ተቈረጠ፤ በሄደበት መንገድ ላይ እንደ ጭስ ያለ ቀጭን መሥመር ብቻ ትቶ አለፈ። ይህ ሁሉ የተፈጸመው ከ4 ሰከንድ ባልበለጠ ጊዜ ነው። ድምፅ ግን አልነበረም። ዝምታው ከብርሃኑ የበለጠ አስፈሪ ነበር።

ወዲያው ሰፈሩ በድምፅ ተሞላ። አንዱ «አውሮፕላን ነው፤ ቦሌ ላይ ወደቀ!» ብሎ ጮኸ። ሌላው «የለም፣ ከየካ ተራራ ወዲያ ነው» አለ። ዘበኛው የጥይት መተኮሻ ነገር መስሎት ከግንቡ ሥር ተጠጋ። ጥቂቶች ተንበርክከው አማተቡ። አንዲት ሴት ስለ ምድር መንቀጥቀጡ አንሥታ «ከታች አልበቃ ብሎን አሁን ደግሞ ከላይ!» ስትል ሰማናት፤ ቀልድ አልነበረም።

ከጎረቤቶቻችን መካከል ግን አንዲት እናት ምንም ሳይናገሩ በደጃፋቸው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። አንድ ልጃቸው የጅቡቲ መንገድ ሾፌር ነው፤ ተሳቢ ይነዳል። በዚያን ዕለት ጧት ጭነቱን ይዞ ከጅቡቲ በኩል እየተመለሰ እንደ ነበር ነግሯቸው ነበር። ከቀትር በኋላ ግን ስልኩ አልነሣ ብሏል። እናቲቱም ቀስ ብለው «የሰው ኮከብ ነው የወደቀው። የማን እንደ ሆነ እግዚአብሔር ያውቃል» አሉ። የማን ነው ብለው እንደ ፈሩ ግን ሁላችንም ዐወቅን።

ይህ እምነት የእርሳቸው ብቻ አይደለም። በሀገራችን በብዙ ቦታ ለእያንዳንዱ ሰው በሰማይ አንድ ኮከብ አለው፤ ሰው ሲሞት ኮከቡ ይወድቃል ይባላል። ለጋብቻ «ኮከባቸው ገጠመ» እንላለን፤ ሁለት ሰዎች ሳይስማሙ ሲቀሩ «ኮከባቸው አልገጠመም» እንላለን። ዐውደ ነገሥትን የሚገልጡ ሰዎችም የሰውን ስም በፊደል ቈጥረው ኮከቡን ይነግሩታል። ዳግማዊ ምኒልክ ታመው ከአልጋ በዋሉበት በ1902 ዓ.ም. የሃሌይ ጅራታም ኮከብ በሰማይ ታየ። ሰው እንደዚያ ባለ ጊዜ ከላይ የሚታየውን ከታች ከሚያስጨንቀው ጋር ሳያያይዝ አይቀርም። ይህም የእኛ ሀገር ጠባይ ብቻ አይደለም፤ በዓለም ያሉ ሕዝቦች ሁሉ ሰማይን የሐዘናቸውና የተስፋቸው መስተዋት አድርገውት ኖረዋል።

እንዲሁም የሀገራችን ሊቃውንት ሰማይን በፍርሃት ብቻ የተመለከቱ አይደሉም። የዘመን መለወጫን፣ የጾምንና የበዓልን ቀን የሚያወጣው የአቡሻኽር ትምህርት የፀሐይንና የጨረቃን አካሄድ በቍጥር የሚመረምር ነው። መጽሐፈ ሄኖክም በሙሉው ተጠብቆ የተገኘው በግዕዝ ብቻ ሲሆን፣ በውስጡ ስለ ብርሃናት አካሄድ የሚናገር ረጅም ክፍል አለ። ከሰማይ ስለሚወድቅ ኮከብ የሚናገር ራእይም ይገኝበታል። ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጀምስ ብሩስ የዚህን መጽሐፍ ቅጂዎች ከኢትዮጵያ ወደ አውሮፓ ይዞ የተመለሰው በ18ኛው መቶ ዓመት ነው። እንግዲህ ስለ ወደቀ ኮከብ ማሰብ በዚህ ሀገር ትናንት የተጀመረ ነገር አይደለም።

ወደ እናቲቱ እንመለስ። ከጎረቤቶቻችን አንዱ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነው፤ ሰማይን መመልከት ይወዳል። ወደ እርሳቸው ቀርቦ «እማማ፣ ያ ኮከብ አይደለም። ኮከብ እንደ ፀሐይ ትልቅ ነው፤ በጣም ሩቅ ስለ ሆነ ነው የሚያንስብን። ይህ ግን ከጡጫ እምብዛም የማይበልጥ ድንጋይ ሊሆን ይችላል። ወደ ምድር ሲገባ ከፍጥነቱ የተነሣ ነድዶ ነው» አላቸው። እርሳቸውም ዝም አሉ። ልጁም ቀጥሎ ወደ ሰማይ እያሳየ «ይመልከቱ፤ ሰባቱም በቦታቸው አሉ። ያ ትልቁ ጁፒተር አለ። እነዚያ ሦስቱ ደግሞ አሁን ከየረር በኩል እየወጡ ነው። ቅድም ከነበሩት ማን ጎደለ?» አላቸው። እናቲቱም ቀና ብለው ለረጅም ጊዜ ተመለከቱና «ልጄ፣ የድሀ ልጅ ኮከብማ ትንሽ ናት። ብትጎድል ማን ያውቃታል?» አሉ።

ልጁ የሚመልሰው አጣ። እኛም አጣን። ዕውቀት በእርግጥ እውነትን ይናገራል፤ ነገር ግን የእናት ልብ በዚያ ሰዓት የሚፈልገው እውነት ስለ ድንጋይ ሳይሆን ስለ ልጇ ነው። ይህን ሳይለይ የሚያስተምር ሰው ትክክል ቢናገርም አይሰማም።

በዚህ መካከል በሰፈራችን የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ የቤተ ክርስቲያን መምህር በትራቸውን ይዘው መጡ። እናቲቱም ተነሥተው እጃቸውን ሳሙና «የኔታ፣ የልጄ ኮከብ ወድቃ ይሆን?» ብለው ጠየቁ። የኔታም ወዲያው አልመለሱም። ከአጠገባቸው ባለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡና «ልጄ፣ ከዋክብት የተፈጠሩት ዘመንን ለመለየትና ለማብራት ነው። የሰው ዕድሜ በፈጠረው እጅ እንጂ በኮከብ እጅ አይደለም። እኔ 80 ዓመት ሲሞላኝ ስንት ኮከብ ሲወረወር ዐየሁ! በየኮከቡ ብሞት ኖሮ ዛሬ ከአንቺ ዘንድ አልቀመጥም ነበር» አሏቸው። እናቲቱ በዚያ ሌሊት ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ። የኔታም ቀጥለው «ይህ ተማሪ ልጅ የነገረሽም እውነት ነው፤ ነገር ግን ሁሉን በአንድ ትንፋሽ ነገረሽ። እስቲ ቡና ይፈላ» አሉ።

ቡናው ተፈላ። መብራት ባለመኖሩ ከሰሉ ብቻ ያበራል። ሴቶቹ ከየቤታቸው በርጩማቸውን ይዘው መጥተው ከበቧቸው፤ ስለ ልጁ ማንም አላነሣም፤ ስለ ጤፍ ዋጋና ስለ ኅዳር ብርድ ተጫወቱ። በየመካከሉ ስልኩ ይደወላል፤ አይነሣም። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እየተባለ ሌሊቱ ገፋ። እንዲህ ያለውን ጉርብትና ያላየ ሰው፣ ሳሪስ አቦን አቧራና የመኪና ጥሩንባ ብቻ አድርጎ ይቈጥረዋል።

ጧት 12 ሰዓት ተኩል ሲሆን ስልኩ ጮኸ። ልጁ ነበር። ትናንት በረሀውን ሲያቋርጥ የስልኩ ባትሪ አልቆበት ኖሯል፤ በአዋሽ አድሮ አሁን ቻርጅ ማድረጉ ነው። እናቲቱ የሚሉት ጠፍቷቸው ሲያለቅሱ፣ ከወዲያ በኩል የልጁ ድምፅ ለሁላችንም እስኪሰማ ድረስ «እማዬ፣ ትናንት ማታ ሰማዩ ሲበራ ዐየሽ ወይ?» አለ። እናቲቱ እልል አሉ። እኛም የሳቅንበትን ያህል ገረመን፤ ምክንያቱም የእርሱ ሞት ምልክት ነው ተብሎ የተፈራውን ነገር እርሱ ራሱ ቆሞ ሲመለከት ነበርና።

ከጥቂት ቀን በኋላ ሾፌሩ ቤቱ ሲገባ እኛና ተማሪው ልጅ ጠየቅነው። እርሱም «በአዋሽ መኪናዬን አቁሜ ጎማ ስፈትሽ ነው ያየሁት። ወደ ሰሜን ምዕራብ፣ ወደ ሸዋ ተራሮች በኩል ነው የጠፋው። እኔ ያሰብሁት ከዚያ ካለው ጋራ ላይ የወደቀ ነው» አለ። ተማሪው ልጅ ካርታ አምጥቶ ዘረጋ። እኛ በሰሜን ምሥራቅ በኩል ሲጠፋ ዐይተነዋል፤ እርሱ በሰሜን ምዕራብ በኩል ሲጠፋ ዐይቶታል። ከሳሪስ አንድ መሥመር፣ ከአዋሽ አንድ መሥመር ስናሰምር ሁለቱ በደብረ ብርሃን አካባቢ ተገናኙ። ቦሌ ላይ አልወደቀም፤ ከአዋሽ ጋራ ላይም አልወደቀም። ከሳሪስ እስከ ደብረ ብርሃን በቀጥታ ሲለካ 110 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ልጁ ብርሃኑ ሲጠፋ ከአድማሱ ምን ያህል ከፍ ብሎ እንደ ነበር ክንዱን ዘርግቶ በጭብጡ ለክቶት ነበር፤ ከሁለት ጭብጥ ጥቂት ይበልጣል። አንድ ጭብጥ 10 ዲግሪ ያህል ነው። በዚህ ሒሳብ ብርሃኑ የጠፋው ከምድር ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ነው፤ ይኸውም የመንገደኛ አውሮፕላን ከሚበርበት ከፍታ አራት እጥፍ ያህል ነው። የእኛ መለኪያ ጭብጥና ካርታ ብቻ ስለ ሆነ ጥቂት ወዲህና ወዲያ ሊል ይችላል፤ ነገር ግን «ከሰፈራችን ጀርባ ወደቀ» ከሚለው ወሬ ጋር ሊታረቅ አይችልም።

ድምፅ ያልተሰማበትም ምክንያት ከዚሁ ይገለጣል። ድምፅ በአንድ ሰከንድ የሚሄደው 340 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ከዚያ ርቀት የተነሣ ድምፅ ወደ ሳሪስ ለመድረስ 6 ደቂቃ ያህል ያስፈልገዋል፤ እስከዚያም ድረስ አብዛኛውን ጊዜ ተዳክሞ ይጠፋል።

አሁን ስለ ነገሩ ምንነት ጥቂት እንበል። በፀሐይ ዙሪያ ከሚዞሩት ፈለኮች ሌላ፣ ስፍር ቍጥር የሌለው ድንጋይና አቧራ በጠፈር ውስጥ ይዞራል። የሚበዛው ከጅራታም ከዋክብት የተራገፈ ትቢያ ወይም አስትሮይድ ከሚባሉት ዐለቶች የተሰበረ ስብርባሪ ነው። ምድር በመንገዷ ላይ ስታገኘው በሰከንድ ከ11 እስከ 72 ኪሎ ሜትር በሚደርስ ፍጥነት ወደ አየር ይገባል። በፊቱ ያለው አየር ሲታመቅ እጅግ ይግላል፤ ድንጋዩም ቀልጦ ይተናል፤ የምናየው ብርሃን ይህ ነው። የአሸዋ ቅንጣት የምታህለው ተራ ተወርዋሪ ኮከብ ትሆናለች፤ ተለቅ ያለው ደግሞ ከቬኑስ በልጦ ያበራል፤ ባለሙያዎች የእሳት ኳስ የሚሉት ይህን ነው። በመልኩም ላይ የድንጋዩ ጠባይ ይታያል፤ ማግኒዥየም ወደ አረንጓዴና ሰማያዊ፣ ሶዲየምና ብረት ወደ ቢጫ ያደላሉ። ከጠፈር ወደ ምድር በየቀኑ የሚገባው ትቢያ በብዙ አሥር ቶን ይገመታል። በጣራችንም ላይ ከሚያርፈው አቧራ ጥቂቱ የሰማይ አቧራ ነው ማለት ነው።

የተወርዋሪ ከዋክብት ወራትም አሏቸው። በጥቅምት ወር የሚታዩት በ1902 ዓ.ም. ከታየው ከዚያው ከሃሌይ ጅራታም ኮከብ የተራገፉ ናቸው። በኅዳር ወር ዝግ ብለው የሚሄዱና አልፎ አልፎ እጅግ የሚያበሩ ይመጣሉ። ታኅሣሥ 4 እና 5 ገደማ የሚዘንቡት ደግሞ ከሁሉም የበዙ ናቸው። በአውሮፓ የታወቀው የነሐሴ ዝናመ ከዋክብት ለእኛ በክረምት ደመና ይሸፈንብናል፤ የታኅሣሡን ግን ሰማያችን ጠርቶ፣ ብርዱን ለቻለ ሰው ሁሉ በነጻ ያሳየናል።

ድንጋዩ ተለቅ ያለ ከሆነ ተርፎ ምድር ይደርሳል። በሀገራችንም በየካቲት ወር 1973 ዓ.ም. በሐረርጌ በጉርሱም ከ30 ኪሎ የሚበልጥ ድንጋይ ከሰማይ ወርዷል፤ በዓለም የሰማይ ድንጋዮች መዝገብ ላይም በጉርሱም ስም ተጽፏል። በጎረቤታችን በሱዳን በመስከረም 27 ቀን 2001 ዓ.ም. የሆነው ደግሞ ለዓለም ሁሉ አዲስ ነበር። 4 ሜትር ያህል ስፋት ያለው ዐለት ወደ ምድር ሲመጣ የሰማይ ተመልካቾች ከ20 ሰዓት ያህል በፊት አገኙት፤ የሚወድቅበትንም ቦታ አስቀድመው ተናገሩ። እንደ ተባለውም በኑብያ በረሀ ላይ ፈነዳ። ኋላም የካርቱም ዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች በረሀውን ጐን ለጐን ተሰልፈው በእግራቸው እየፈተሹ ስብርባሪውን አገኙ። ቦታውንም በአቅራቢያው ባለው የባቡር ጣቢያ ስም «ጣቢያ ስድስት» አሉት። በሶማልያም በኤል ዓሊ አጠገብ 15 ቶን ያህል የሚመዝን የብረት ዐለት አለ ተብሎ፣ እረኞች ከጥንት ጀምሮ ያውቁት ነበር፤ በ2022 እ.ኤ.አ. ሊቃውንት ቅንጣቱን ሲመረምሩ ከዚያ በፊት በተፈጥሮ ታይተው የማይታወቁ ማዕድናት አገኙበት። እረኛው የጠበቀውን ሊቁ አነበበው።

የሚያስጠነቅቅም ታሪክ አለ። የካቲት 8 ቀን 2005 ዓ.ም. በሩስያ በቼልያቢንስክ ከተማ ላይ 20 ሜትር ያህል ስፋት ያለው ዐለት በአየር ውስጥ ፈነዳ። ሰዎች ብርሃኑን ዐይተው ወደ መስኮት ሮጡ፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ የፍንዳታው ግፊት ደርሶ መስተዋቱን ሰበረባቸው። 1,500 ያህል ሰዎች ቈሰሉ፤ የሚበዙት በመስተዋት ስብርባሪ ነው። ስለዚህ ቀኑን የሚያስንቅ ብርሃን በሰማይ ሲታይ ከመስኮት መራቅ ብልህነት ነው።

በዘመናችን ደግሞ ሰው ራሱ ወደ ሰማይ የላከው ብረት ተመልሶ መውደቅ ጀምሯል። ታኅሣሥ 21 ቀን 2017 ዓ.ም. በኬንያ፣ በማኩዌኒ አውራጃ፣ በሙኩኩ መንደር 2 ሜትር ተኩል ስፋትና 500 ኪሎ ያህል ክብደት ያለው የብረት ቀለበት ከሰማይ ወድቋል፤ ደግነቱ ማንንም አልጎዳም። በዚያው ዓመት በጥር ወር መጀመሪያ ሰሞን በደቡብ ኢትዮጵያ በብዙ ሥፍራ የሚነድዱ ነገሮች በሰማይ ሲያልፉ ታዩ፤ የሀገራችን ባለሙያዎችም የኅዋ ፍርስራሽ ወይም የሜትዮር ስብርባሪ ሊሆን ይችላል ብለው ገለጡ። ሁለቱን ለመለየት ፍጥነቱን ማየት ይጠቅማል። ከጠፈር የሚመጣ ድንጋይ በጥቂት ሰከንድ ያልፋል፤ ከምድር ዙሪያ የሚወድቀው ብረት ግን ዝግ ብሎ፣ ብዙ ቍራጭ ሆኖ ተከታትሎ፣ አንዳንዴም ከአንድ ደቂቃ በላይ ሰማዩን ያቋርጣል።

ይህን ሁሉ ያወሳነው አንድ ነገር ለማስገንዘብ ነው። በእንጦጦ ተራራ ላይ፣ ከባሕር ወለል 3,200 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፣ አንድ አንድ ሜትር መስተዋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች ቆመዋል። እነዚህ ለሀገራችን ኩራት ናቸው፤ ነገር ግን ቴሌስኮፕ የሚያየው አስቀድሞ ያነጣጠረበትን ትንሽ የሰማይ ክፍል ነው። ተወርዋሪ ኮከብ ግን ቀጠሮ አይሰጥም። ለእርሱ የሚሆነው ዘበኛ በየደጁ የቆመው ሰው፣ እረኛው፣ ሾፌሩ፣ የሌሊት ጥበቃው ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለ ነገር ያየ ሰው ከመጮኹ በፊት ሰዓቱን ይመልከት፤ የቆመበትን ቦታ አይልቀቅ፤ የተነሣበትንና የጠፋበትን አቅጣጫ በተራራ ወይም በቤት ጣራ ምልክት ያድርግ፤ ከአድማስ ያለውን ከፍታ በጭብጡ ይለካ፤ መልኩን፣ የቆየበትን ጊዜና ድምፅ መኖር አለመኖሩን ይጻፍ። ከዚያም ጎረቤቱ የነገረውን ሳይሆን ራሱ ያየውን ይናገር። አንድ ምስክር አቅጣጫን ይናገራል፤ ሁለት ምስክሮች ቦታን ይናገራሉ። በአቃቂ የቆመና በአዋሽ የቆመ ሰው ሳይተዋወቁ አንዱን እውነት በሁለት ጫፍ ይዘውት ሊሆን ይችላል።

የድንጋዩም ፍሬ ከተገኘ በእሳት አይሞከር፤ በመዶሻ አይሰበር፤ ለዘርፉ ባለሙያዎች ይሰጥ። ቅርጹ ያልታወቀ ብረት ከሆነ ግን ማንም አይንካው፤ ለመንግሥት አካል ይነገር።

የሰማይን ነገር መመርመር የፈጣሪን ሥራ መድፈር ነው የሚሉ አሉ። የኔታ ግን ይህን ሲሰሙ «የአቡሻኽርን ቍጥር ያወጡ አባቶች ምን ሲያደርጉ ኖሩ?» ብለው ይጠይቃሉ። እኛም ከዚህ በላይ የምንጨምረው ጥቂት ነው። የወደቀውን ኮከብ ዐይቶ ለጎረቤቱ ልጅ የሚጨነቅ ሕዝብ ደግ ሕዝብ ነው፤ ይህን ደግነት ሳይጥል በላዩ ላይ ዕውቀትን ቢጨምርበት ምንም አይጎድልበትም። የታኅሣሥ ሌሊቶች ረጅሞች ናቸው፤ ሰማዩም ጥሩ ነው። ጋቢውን ደርቦ ከመብራት ጥቂት ገለል ብሎ ቀና የሚል ሰው፣ ዓይኑ ጨለማውን እስኪለምድ ሩብ ሰዓት ይታገሥ እንጂ፣ የሚያየው አያጣም።